ልብ የሚል ውሻ

የማኅበሩ የልብስ ስፌት ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስድስት የስፌት መኪናዎች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ ሦስት ትልልቅ መስኮቶች ወደ መንገዱ ይመለከታሉ። ብርሃን በደንብ የሚገኘው ከመስኮቶቹ አጠገብ ስለሆነ እዚያ የሚቀመጡት ነባሮቹ ብቻ ናቸው። ከመጨረሻው መስኮት ሥር ያለችውን የእግር መኪና ከሠላሳ ዓመት በላይ የያዘቻት አንዲት ሴት ናት። ሁሉም «ሚሊሜትር» ይሏታል። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የአባላቱ መዝገብ ብቻ ነው እያሉ ይቀልዱባታል።

ስሙ የወጣላት ገና በወጣትነቷ ነው። አንድ ሙሽራ ሱሪውን ሊወስድ መጣ፣ ለካው፣ በመስታወት ፊት ዞር ዞር ብሎ አየውና ወደደው። አመስግኖ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመችበት። ቀኙ እግር ከግራው በሦስት ሚሊሜትር እንደሚረዝም ነገረችው። ሰውየው ሠርጉ ላይ ሜትር ይዞ የሚመጣ ዘመድ የለኝም፣ ልሂድበት ብሎ ለመናት። ፍንክች አላለችም። ሙሽራው የእሷን የሥራ ጋውን ደርቦ፣ ባዶ እግሩን በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ሱሪው ተተርትሮ እንደገና እስኪሰፋ ሃያ አምስት ደቂቃ ጠበቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሚሊሜትር ሆና ቀረች። ስሙን እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ማዕረግ ነው የምትቀበለው።

ሙያውን ያስተማረቻት አክስቷ ነበረች። አክስቷ የተበላሸ ስፌት ስታይ አትቆጣም ነበር፤ «የት ላይ ነው የሳትሽው?» ብላ ብቻ ትጠይቃለች። መልሱ «አላውቅም» ከሆነ ግን ያን ቀን ወዮ። ሚሊሜትር ከአክስቷ መቀስና የልብስ መቁረጫ ጣውላ ብትወርስም፣ ዕድሜ ልኳን ይዛው የዞረችው ይህን ጥያቄ ነው። ባሏ ቀድሟት ሲሞት አንዲት ልጇን በዚያች የእግር መኪና አሳደገቻት። ልጅቷ ዛሬ የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ ነጭ ጋውኗን የሰፋችላትም እናቷ ናት። ይህን ስታወራ ሚሊሜትር ሳይታወቃት ወንበሯ ላይ ቀና ትላለች።

ውሻው የመጣው ከስምንት ዓመት በፊት ነው። አንድ ጠዋት የቁራጭ ጨርቅ ካርቶኑን ስታነሳ ውስጡ የሆነ ነገር ተንጫጫ። አንድ ጆሮው የቆመ አንዱ የወደቀ፣ ቀለሙ ለይቶ ያልወጣ ቡችላ የገበር ጨርቅ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ያን ሁሉ ደረጃ እንዴት እንደወጣ ያወቀ ሰው የለም። ለማን እንስጠው እያሉ ሲመካከሩ ቡችላው የአንድ ካፖርት ትልቅ ቡናማ ቁልፍ ዋጠ። ካፖርቱ ስድስት ቁልፍ አለው፤ መሰሉ ገበያ ላይ የለም፤ ባለቤቱም በሦስተኛው ቀን ይመጣል። ስለዚህ ቡችላውን የትም መስደድ አልተቻለም። ሚሊሜትር ሁለት ቀን ሙሉ ጋዜጣ እያነጠፈች ስትጠብቀው ሰነበተች። ቁልፉ በሁለተኛው ቀን በሰላም ወጣ፤ ታጥቦ ካፖርቱ ላይ ተተከለ። ስሙ ግን ቡችላው ላይ ቀረ። «ቁልፍ» ተባለ፤ ጠዋት አብሯት እየመጣ፣ ማታ አብሯት እየተመለሰ፣ ቀኑን መኪናዋ ሥር ከፔዳሉ አጠገብ ተኝቶ እያሳለፈ አደገ።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ ብላችሁ ተከተሉ። ሚሊሜትር እየሰፋች ሳለ ክር ለማምጣት ወደ መደርደሪያው መሄድ ታስባለች እንበል። ገና ከወንበሯ ሳትነቃነቅ ቁልፍ ተነስቶ ይቆማል። ጎረቤቷን ለማናገር ዞር ስትል፣ ወገቧን ስታፍታታ፣ መነጽሯን ስትወለውል ግን ዓይኑንም አይገልጥም። የሚነሳው ልትነሳ ስታስብ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ እንደ አጋጣሚ ቆጠረችው። በየቀኑ ሲደጋገም ግን ለልጇም፣ ለጎረቤቶቿም፣ ለደንበኞቿም አፏን ሞልታ ትናገር ጀመር፤ ቁልፍ ሐሳቧን ያውቃል፣ ልቧን ያነባል። ደንበኞች «ጉድ እኮ ነው» ይላሉ። እንዲህ ያለ ወሬ ማን ይጠላል?

ይህን ነገር አምኖ የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ተኳሹ። ተኳሽ የተባለው ጠመንጃ ይዞ አይደለም፤ ልብስ ስለሚተኩስ ነው። ደረቱ ሰፊ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ለካፖርትና ለኮት የሚጠቀምባቸው ሁለት ከባድ ካውያዎች አሉት። አንዱ የኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ሲግል በሌላው ይሠራል፤ ሲቀዘቅዝ ይቀያይራቸዋል። ምድጃው በአንድ ግድግዳ፣ የመተኮሻው ጠረጴዛ በሌላው ስለሆነ የጋለውን ካውያ ይዞ አራት እርምጃ ይሻገራል። የሚሻገረው ደግሞ የቁልፍ ጅራት በተዘረጋበት መተላለፊያ ነው።

ነገሩ የመጣው አዲሷ ሊቀመንበር ከተመረጠች በኋላ ነው። ከሚሊሜትር በሃያ ዓመት ታንሳለች፤ ሥራ አክባሪ፣ ደንብ ወዳድ፣ ክፉ ያልሆነች ሴት ናት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ነገር ደረሰባት። አንድ ደንበኛ ጥቁር ኮቱ ላይ የውሻ ፀጉር አገኘና አሳይቷት ሄደ። በማግስቱ ደግሞ ራሷ ክፍሉ ውስጥ ቆማ ሳለ ተኳሹ የጋለ ካውያ ይዞ ሲያልፍ አየችውና ደነገጠች። ሰውየው በውሻው ቢሰናከል ያ ካውያ ማን ላይ ይወድቃል? ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ሁሉም ሥራ አቁሞ እንዲሰማ አደረገችና ከሰኞ ጀምሮ ውሻ ወደ ክፍሉ እንዳይገባ መወሰኗን አስታወቀች።

ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ነገር ነው፤ ውሻውን ቤት ትቶ መምጣት። ሚሊሜትር ግን የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ቁልፍ ብቻውን ከተተወ እስክትመለስ ያላዝናል፤ ጎረቤቶች ግድግዳ ይደበድባሉ፤ አከራይዋም አንዴ አስጠንቅቀዋታል። ልጇ የተከራየችበት ግቢ ጭራሽ እንስሳ አያስገባም። የቀረው አንድ ቦታ ነበር፤ ከከተማው ዳር ያለ የጡብ ማከማቻ። ዘበኛው ውሻ እንደሚፈልግ ነግሯት፣ አከራይዋ ባስጠነቀቋት ጊዜ ሄዳ አይታዋለች። በሩ አጠገብ ምሰሶ አለ፣ ምሰሶው ላይ ሰንሰለት። ሰንሰለቱን በዓይኗ ለካችው፤ ሁለት ሜትር ከሠላሳ። ከዚያ የሚበልጥ ዓለም ለቁልፍ አይኖረውም።

ሊቀመንበሯ ተናግራ ስትጨርስ ሚሊሜትር ከወንበሯ ተነሳች፤ ቁልፍ ቀድሟት ቆሞ ነበር። ይህ ውሻ እንደ ሌላው ውሻ እንዳልሆነ፣ ልቧን እንደሚያውቅ፣ እንዲህ ያለ ፍጡር በሰንሰለት እንደማይታሰር በሰው ሁሉ ፊት ተናገረች። ድምፁ ከእሷ አልወጣም እስኪባል ድረስ ጮክ አለ። ተኳሹ ዕድሉን አላሳለፈም።

«እሺ፣ ልብሽን ካወቀ ያሳየን። ወረቀት ላይ ‹ተነሺ› እና ‹ተቀመጪ› ብዬ እጽፋለሁ፤ አንቺ አንብበሽ ዝም ብለሽ ታስቢያለሽ። እሱ ካወቀ እኔ ራሴ ትራስ እሰፋለታለሁ።»

ሰዉ ሳቀ። ሊቀመንበሯ ግን አልሳቀችም፤ ሐሳቡ ደንብ ያለው መሰላት። ሰኞ ከሰዓት በአባላት ስብሰባ ፊት ይፈተን፣ እውነት ሆኖ ከተገኘ ይቆያል፣ ካልሆነ ይሄዳል አለች። ሚሊሜትር ሳታቅማማ «እሺ» አለች። ኩራት ነው «እሺ» ያሰኛት። ወደ ቤቷ ስትሄድ ግን መንገድ ላይ ነገሩ ይከነክናት ጀመር። ስምንት ዓመት ስታወራለት የኖረችውን ነገር አንድ ቀን እንኳ ለክታው አታውቅም።

ስለዚህ ለካችው። ከዚህ በኋላ ያደረገችው ሁሉ እኔን እንደ ልጅ ያስደስተኛል፤ ማንም ያላስተማራት ሴት አንድን ጥያቄ እንደ ካፖርት ስፌት በስፌት ተረተረችው።

የመጀመሪያው ፈተና ረቡዕ አመሻሹ ላይ ቤቷ ውስጥ ነበር። ልጇ ከሥራ ስትመለስ ጠራቻትና አሥር ወረቀት አዘጋጁ፤ አምስቱ «መነሳት»፣ አምስቱ «መቀመጥ»። ሚሊሜትር ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ቁልፍ እግሯ ሥር ተኛ። ወረቀት እያወጣች፣ ግንባሯን አኮማትራ፣ በሙሉ ኃይሏ ታስባለች። ልጅቷ ውሻውን እያየች ትመዘግባለች። ከአምስቱ «መነሳት» ቁልፍ በአንዱም አልተነሳም። በአራተኛው ላይ አንኮራፋ። ልጅቷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «እማዬ፣ ውሻው ሳይሆን አንቺ ነሽ በሐሳብ የደከምሽው» አለቻት። ሚሊሜትር ፊት አልሰጠቻትም። የመዘገበችውን ወረቀት ተቀብላ፣ አጥፋ፣ በደብተሯ ውስጥ አስቀመጠችው። አኩርፋ ሳይሆን ነገሩ ስለገረማት ነው።

ሁለተኛው ሐሙስ ዕለት በሥራ ቦታ ነበር። ቀኑን ሙሉ እንደ ወትሮዋ ሠራች፤ በተነሳች ቁጥር በጠመኔ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጭረት ታደርጋለች። አሥራ ሁለት ጊዜ ተነሳች። በአሥራ አንዱ ቁልፍ ቀድሟታል። ቤት ውስጥ ምንም፣ እዚህ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉንም! ያው ውሻ፣ ያቺው ሴት። እንግዲህ አንድ ነገር እዚህ አለ፣ ቤት ውስጥ የለም።

ምን ሊሆን ይችላል? ዓርብ ጠዋት በደብተሯ ላይ ሦስት ነገር ጻፈች፤ ጆሮ፣ ዓይን፣ አፍንጫ። በጆሮ ጀመረች። መነሳት ስትፈልግ መኪናዋ ዝም ትላለች፤ ምናልባት የሚሰማው እሱን ነው። ስለዚህ ግማሽ ቀን መኪናዋን ሳትነካ በእጅ መርፌ ስትዘመዝም ዋለች። መኪናው ሳይጮህና ዝም ሳይል ቁልፍ አሁንም ቀድሟት ይነሳል። ጆሮ ተሰረዘ። አፍንጫን ለመፈተን ዘዴ አጣች፤ ጥያቄ ምልክት አደረገችበትና አለፈች። ዓይን ቀረ። ፊቷን ነው የሚያየው? እጇን? ጨርቅ ልትጋርድ አሰበችና ጨርቁን በእጇ እንደያዘች ቆመች።

ውሻው ያለው ከጠረጴዛው ሥር ነው። ፊቷንም እጇንም በሕይወቱ ከዚያ አይቶት አያውቅም።

አፈረች። ስምንት ዓመት አንድ ፍጡር እግሯ ሥር ሲኖር፣ ከዚያ ሆኖ ምን እንደሚያይ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብላ አልጠየቀችም። እሷ ራሷ ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት፣ ጉልበቷም እንዳሰበችው የሚታጠፍ አልነበረም። ቅዳሜ ሥራው እስከ ምሳ ሰዓት ነው። ሁሉም ከወጣ በኋላ ልጇን ክፍሉ ውስጥ አስገብታ ከጠረጴዛው ሥር እንድትገባ ጠየቀቻት። መድኃኒት ስትሰጥ ሰው ቆሞ የሚሰማት ባለሙያ፣ ጋዜጣ አንጥፋ፣ በክርና በጨርቅ ፍርፋሪ መካከል፣ ከውሻው ጎን በሆዷ ተኛች። ቁልፍ ይህ ጎረቤት ከየት መጣ በሚል ዓይን ዓይቷት ትንሽ ቦታ ለቀቀላት።

ሚሊሜትር መስፋት ጀመረች። ደስ ባላት ጊዜ ተነስታ ወደ መደርደሪያው እንድትሄድ ተስማምተዋል። በሦስተኛው ላይ ከሥር ድምፅ መጣ።

«እማዬ፣ ጫማሽን አውልቀሽ ነው እንዴ የምትሰፊው?»

አላወለቅኩም አለች። ልጅቷ ግን ያየችውን ታውቃለች። ሚሊሜትር ስትሰፋ ተረከዟን ከጫማው ታወጣለች፤ ጣቶቿ ብቻ ውስጥ ይቀራሉ፣ ተረከዟ በጫማው ጀርባ ላይ ይረግጣል። ይህን እንደምታደርግ እሷ ራሷ አታውቅም ነበር፤ የግራ ጫማዋ ጀርባ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ ሁልጊዜ ይገርማት ነበር እንጂ። ልትነሳ ስትል ተረከዙ ሹልክ ብሎ ይገባል። ሹልክ ሲል ቁልፍ ይቆማል።

አሁን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሚሊሜትር ጫማዋን ሙሉ በሙሉ አውልቃ ባዶ እግሯን ስድስት ጊዜ ተነሳች፤ ቁልፍ ስድስቱንም አላወቀም፣ ከተነሳች በኋላ ደንግጦ ነው የተከተላት። ቤት ውስጥ ለምን ምንም እንዳላወቀም ገባቸው፤ ነጠላ ጫማ ጀርባ የለውም። ቀጥላ የመነሳት ሐሳብ ሳይኖራት ተረከዟን ብቻ አስገባች። ቁልፍ ተነሳ። ቆሞ ጠበቃት። ጠበቃት። እሷ ሳትነሳ ስትቀር አንገቱን ዘንበል አድርጎ አያት፤ አንጀቷን በላው። ያን ፈተና አልደገመችውም። አንዱ ይበቃል አለች፤ ለቁጥር ሲባል ውሻ አይታለልም።

የሚገርመው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ልጅቷ ከሥር ሆና «ልነሳ ነው ብለሽ ባሰብሽበት ቅጽበት ንገሪኝ» አለቻት። ተረከዙ ሲገባ ደግሞ እሷ በልቧ መቁጠር ትጀምራለች። ተረከዙ ገባ፤ አንድ፣ ሁለት፤ ከዚያ ነው ሚሊሜትር ከላይ «አሁን አሰብኩ» ያለችው። አምስት ጊዜ ሞከሩት፤ አምስቱንም ጊዜ እግሯ ቀደማት። ሚሊሜትር ጎንበስ ብላ የራሷን እግር አየችው።

«ታዲያ ልነሳ መሆኔን ከእኔ በፊት ያውቃል ማለት ነው?»

«ልብሽን ሳይሆን እግርሽን ነዋ የሚያውቀው፣ እማዬ። እግርሽ ነው ካንቺ የቀደመው።»

እሑድ ከባድ ቀን ነበር። ፈተናውን ማለፍ አሁን ከምንም በላይ ቀላል ሆኗል። ተኳሹ «ተነሺ» የሚለውን ወረቀት ይሰጣታል፣ እሷ ተረከዟን ታስገባለች፣ ውሻው ይነሳል፣ ሰዉ ያጨበጭባል። ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብሎ የሚያይ የለም። ሰንሰለቱም ይቀራል። ልጇ ምን ልታደርጊ ነው ብላ አልጠየቀቻትም፤ ሻይ አፍልታ ቀዳችላትና ተወቻት። ሚሊሜትር ሳትጠጣው ሻዩ ቀዘቀዘ። ሦስት ሚሊሜትር ያላለፈች ሴት ይህን እንዴት ታልፋለች? በሌላ በኩል ያ ሱሪ ነበር፤ ይህ ግን ቁልፍ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ስትገባ ገና አልወሰነችም። ተረከዟ ጫማ ውስጥ እንዳለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መርፌዋን ሳይሆን ውሻውን እያየች ዋለች። አንዴ ማየት ከተማሩ ዓይን አያርፍም። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አንድ ነገር አራት ጊዜ አየች፣ አራት ጊዜም ሴኮንዱን እየቆጠረች በደብተሯ ጻፈች፤ ምን እንደሆነም ለማንም አልተናገረችም።

ከሰዓት በኋላ ስምንቱ አባላት ተሰበሰቡ። ሊቀመንበሯ መነጽሯን አድርጋ በመቁረጫው ጠረጴዛ ራስ ላይ ተቀመጠች። ተኳሹ አሥር የታጠፉ ወረቀቶች ኮፍያው ውስጥ ጨምሮ እንደ ዕጣ አውጪ እያማሰለ መጣ። ሚሊሜትር መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፣ ቁልፍ ከሥር ተኛ። የመጀመሪያውን ወረቀት አወጣች፣ ገለጠችው። «ተነሺ» ይላል። የግራ ተረከዟ ከጫማው ጀርባ ላይ ነበር፤ ቁልፍም ያንን እያየ ነበር፤ እሷም እሱን።

ወረቀቱን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ፣ ጠረጴዛውን የሸፈነውን ጨርቅ ሰብስባ፣ እግሯን ለሁሉም አሳየች። ከዚያ ሁሉንም ነገር ከረቡዕ ጀምሮ በቅደም ተከተል ነገረቻቸው፤ ወረቀቶቹን፣ ጭረቶቹን፣ ነጠላ ጫማውን፣ ጋዜጣ ላይ የተኛችውን ባለሙያ ሳይቀር። ተረከዟን አስገባችና ተነሳች፤ ቁልፍ አብሯት ቆመ። እንግዲህ ይኸው ነው አለች።

ተኳሹ ኮፍያውን ከነወረቀቱ አስቀመጠ። ፊቱ ግን ያሸነፈ ሰው ፊት አይመስልም ነበር። «ታዲያ... ተሸነፍሽ ማለት ነዋ» አለ፤ መሳለቅ አምሮት መሳለቅ ያቃተው ይመስል።

«ተሸንፌያለሁ። ልቤን ያውቃል ያልኩት ስህተት ነው፤ የት ላይ እንደሳትኩም አውቃለሁ። ‹ልብ› የሚለው ቃል ነው ያሳሳተኝ። ቁልፍ ልቤን አያውቅም። ልብ ይላል።»

እነዚህን ሁለት ቃላት ስትናገር ድምፏ አልጮኸም፤ እንደ ረቡዕ አልነበረም። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ስለ ልጇ ባለሙያነት ስታወራ በምታሳየው ፊት ነው የተናገረችው። ልብ ማወቅ ስጦታ ነው፤ ያለው ያለው ነው፣ የሌለው የለውም። ልብ ማለት ግን ሥራ ነው። ይህ ውሻ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ማንም ሳያዘው፣ ከዚያ ጨለማ ጥግ ሆኖ፣ እኔ ራሴ የማላውቀውን እግሬን ተማረ አለቻቸው። እኔ ሙያ ስማር ሦስት ዓመት ነው የፈጀብኝ አለች። ከኋላ የተቀመጠችው፣ የልብስ ቁልፍ ማስገቢያ የምትሰፋው ሴት «ውይ» ስትል ተሰማ።

ሊቀመንበሯ በትዕግሥት ሰማቻት። «እትዬ፣ በጣም ደስ ይላል፣ እውነቴን ነው። ግን ልብ ማለቱ ካውያውን ምን ያደርግልናል? እኔ የምፈራው እሱን ነው።»

ሚሊሜትር ይህን ጥያቄ ነበር የጠበቀችው። ወደ ተኳሹ ዞራ በስምንት ዓመት ውስጥ ቁልፍን ስንት ጊዜ እንደረገጠው ጠየቀችው። ተኳሹ ቆጠረ፣ አሰበ፣ ጭንቅላቱን አከከ። አንድም ጊዜ የለም። ለምን ይመስልሃል ስትለው «እኔ ጠንቃቃ ስለሆንኩ ነዋ!» አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ባለፈው ወር ብቻ የገዛ ጓዳውን በር በግንባሩ የከፈተ ሰው ነው።

እስቲ ካውያውን አምጣ አለችው። ቁልፍ ከቦታው ተመልሶ ተኝቷል፤ ጅራቱ መተላለፊያው ላይ። ተኳሹ ወደ ምድጃው ሄደ። ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ተኳሹ ቀኝ እጁን ወደ ካውያው ከመስደዱ በፊት በግራ እጁ ሱሪውን ከወገቡ ላይ ወደ ላይ ሳብ አደረገ፤ በዚያችው ቅጽበት የቁልፍ ጅራት ተሰበሰበ፣ ውሻው ራሱን ወደ ግድግዳው አስጠጋ። ካውያው ሲነሳ መተላለፊያው ባዶ ነበር።

«ሱሪህን ነው የሚያየው» አለች ሚሊሜትር፤ ጠዋት አራት ጊዜ የጻፈችው ይህንኑ ነበር።

ተኳሹ አላመነም። ካውያውን መለሰና ድጋሚ እንሞክር፣ አሁን ሱሪዬን አልነካም አለ። ቁልፍ ተመልሶ ተዘረጋ። ተኳሹ ግራ እጁን ከጀርባው አድርጎ ወደ ምድጃው ተጠጋ። ቀኝ እጁ ተዘረጋ፤ ግራ እጁ ከጀርባው ወጥቶ እንደ ሌባ ቀስ እያለ ወደ ወገቡ መጣና ሱሪውን ሳበ። ቁልፍ ጅራቱን ሰበሰበ። ተኳሹ እጁን የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ አድርጎ አየው። ሳቁ እስኪበርድ ሊቀመንበሯ ሁለት ጊዜ ጠረጴዛውን መታች፤ ሁለተኛውን ስትመታ እሷም እየሳቀች ነበር።

የፀጉሩ ነገር ቀረ። ያን ሚሊሜትር ራሷ አነሳችው። ደንበኛው እውነቱን ነው አለች፤ ጥቁር ኮት ላይ ፀጉር መኖር የለበትም። ቁልፍ በየጠዋቱ ውጭ በብሩሽ ይበጠራል፣ ያለቀ ሥራ ሁሉ በአንሶላ ተሸፍኖ ይሰቀላል፣ አንሶላውን እኔ እሰፋለሁ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ፀጉር ከተገኘ ቁልፍን ራሴ አስወጣዋለሁ አለች። ሊቀመንበሯ ሁሉንም አንድ በአንድ ጻፈች። እንደ ስምምነቱ ከሆነ ውሻው ፈተናውን አላለፈም፤ ያን ደብቃ አላለፈችም። ነገር ግን የፈራችው አደጋ እንደሌለ በዓይኗ ስላየች ውሳኔው ለአባላቱ ይሁን አለች። እጅ ወጣ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ስድስት። ሊቀመንበሯ የራሷን ጨመረች። ስምንተኛው የተኳሹ ነበር፤ ከሁሉም በኋላ፣ ግን እስከ ጣሪያው ድረስ።

ሚሊሜትር አላለቀሰችም፤ አልሳቀችም። ተቀመጠች፣ ተረከዟን ከጫማዋ አወጣች፣ የተጀመረ እጅጌ መኪናው ላይ አኖረች። ማንም ሳያያት ግራ እግሯን ትንሽ ዘርግታ የቁልፍን ጎን ነካ አደረገችው። ልጇ ስትደውል አሸነፍሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። አላሸነፍኩም፣ ግን ገባቸው አለች፤ ስልኩን ከዘጋች በኋላም ብዙ ሰዓት ፊቷ እንደበራ ነበር።

በማግስቱ ክፍሉ ውስጥ ሥራ የሚሠራ ሰው ጠፋ ማለት ይቻላል። የቁልፍ ማስገቢያ የምትሰፋው ሴት እኔስ ምን አደርጋለሁ እያለች ውሻውን ስታይ ዋለች፤ ሌላው ከመነሳቱ በፊት ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ተገኘ። ተኳሹ ከሁሉም ባሰ። ከቤቱ ሴኮንድ የሚቆጥር ሰዓት ይዞ መጥቶ፣ ሱሪውን ሲስብና ካውያውን ሲያነሳ ያለውን ጊዜ እያሰላ፣ ቁልፍ ስንት እንደሚቀድመው በካርቶን ላይ ይጽፋል። ሊዘጋ ሲል ካርቶኑን ይዞ ወደ ሚሊሜትር መጣ፤ ቁና ቁና እየተነፈሰ፣ ሁለት ሴኮንድ ነው የሚቀድመኝ አላት፤ ውሻው የእሱ ይመስል ደረቱ ተነፍቶ።

ሚሊሜትር ካርቶኑን ተቀበለች፣ መነጽሯን አስተካክላ ከላይ እስከ ታች አየችው፣ የራሷንም ደብተር ገለጠች።

«ሁለት ተኩል» አለችው።